ዘጠኝ ነጥብ ስምንት

«እሷ ገና አልሰማችም፤ ግድ የለም፣ እኔው እነግራታለሁ» ሲል ነው የሰማችው። እሷ ከወጥ ቤቱ በር ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙሶች ውስጥ በማንኪያ አሸዋ ትሞላለች፤ ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ጓሮ፣ ቧንቧው አጠገብ፣ በአንድ እጁ የጥርስ ብሩሽ በሌላው ስልክ ይዞ ከትምህርት ቤታቸው ዳይሬክተር ጋር ያወራል። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎታል። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው ግን ሲያንሾካሹክም ከኋላ ወንበር ይሰማል። «ሱፐርቫይዘሩ ዛሬ ገብቶ ይያት፤ ካልጣመው ሰኞ ክፍሉን እረከባለሁ። ማስታወሻው ዝግጁ ነው። ኧረ አትቀየምም፣ እህቴ አይደለች እንዴ?» እህቴ አይደለች እንዴ! ማንኪያው እጇ ላይ ቀረ፤ አሸዋው እግሯ ላይ ፈሰሰ። ክፍሉ የተባለው እሷ የምታስተምረው የተፈታኞቹ ክፍል ነው። ሌላ ክፍል ቢሆን ነገሩን ዋጥ አድርጋ ትተወው ነበር። እነዚህን ግን በገዛ እጃቸው እየለኩ፣ እየመዘኑ፣ እየሳቱ እንዲማሩ ስትለፋባቸው ከርማ፣ ገና አሁን አሁን «ለምን?» ማለት ሲጀምሩላት ነው ሊወስዱባት የተነሱት። ወሳጁ ባዕድ ቢሆን እንኳ ባልከፋ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር የእናቷ ልጅ ነው።

ቁርስ ላይ ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ በውስጠኛው ወንድሟ፣ ሚስቱና ሕፃን ልጃቸው ይተኛሉ፣ እሷ ሳሎኑ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ትተኛለች። ሰው ሲገላበጥ በሚሰማበት ቤት ምስጢር ይዞ መቀመጥ ከባድ ነው፤ ወንድሟ ግን ያዘው። ዳቦውን ቆረስ እያደረገ ሻዩ ውስጥ ይነክራል፣ ዓይኑን ከብርጭቆው አይነቅልም። እሷም ስኳሩን ታማስላለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። የምታወራው የወንድሟ ሚስት ብቻ ናት፤ ሳሙና ምን ያህል እንደተወደደ፣ የፊት ለፊቷ ጎረቤት ኪራይ እንደተጨመረባት፣ ቧንቧው ዛሬም ያንጠባጥብ እንደሆነ። ከዚያ የጠርሙሶቹን ከረጢት አየችና ሳቅ አለች። «ይኸው፣ ሰፈሩ በሙሉ ልጁ ባሳለ ቁጥር ጠርሙሱን ለእኛ ያመጣል። ትናንት አንዷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ያቺ ቆራሌዋ አለች ወይ?» ተማሪዎቹም ከኋላዋ ቆራሌዋ ነው የሚሏት፤ ታውቃለች፣ አይከፋትም። የተጣለ ጠርሙስ፣ ያለቀ ባትሪ፣ የተሰነጠቀ መስታወት ካየች አታልፍማ። ሌላ ቀን ቢሆን ወንድሟ «ቆራሌው እንኳ የሚገዛውን ይመርጣል» ብሎ ይጨምርበትና ሦስቱም ይስቁ ነበር። ዛሬ ሳል ሳል ብሎ ተነሳ። ሚስቱ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየችና «ምን ሆናችኋል እናንተ?» አለች። ሁለቱም «ምንም» አሉ።

ሁለቱም የሚያስተምሩት ፊዚክስ ነው፣ ትምህርት ቤቱም አንድ ነው፤ ስለዚህ ተኮራርፎም ቢሆን አብሮ መሄድ ግድ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተጣበው ተቀመጡ፣ ከረጢቱ እሷ ጭን ላይ። እንደ ልማዱ የሁለቱንም ሒሳብ እሱ ከፈለ፤ ይሄ ነው እንግዲህ ነገሩን የሚያከብደው። ክፉ ሰው ቢሆን ጠልታው ትገላገል ነበር። ግን አባታቸው ከሞተ ወዲህ እሷን ያስተማራት እሱ ነው፤ አንድ ኮት ዓመት ከዓመት እየለበሰ፣ ማታ ማታ የሰው ልጅ እያስጠና። ተማሪዎቹም ይወዱታል። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በሚያምር ጽሑፍ ይሞላዋል፤ ማስታወሻው እየተባዛ ሌላ ትምህርት ቤት ድረስ ይሄዳል፤ በቃሉ የያዘ ያልፋል። እሷን «አንቺ ልጅ፣ ጥሩ ነው ጨዋታው፣ ግን ፈተናው አሸዋ አይጠይቅም» ያላት ስንቴ ነው። የመንገዱ እኩሌታ ላይ ወደ እሷ ዞር አለና «ዛሬ...» አለ። «እ?» አለችው። «ዛሬ ሙቀቱ ገና በጠዋት ነው የጀመረው» አለና ወደ መስኮቱ ተመለሰ። አይ ሰው። አንድ ዓረፍተ ነገር አቅቶት ስለ አየር ጠባይ ያወራል። እሷም አልረዳችውም፤ እልህ ያዛት።

ዳይሬክተሩ በር ላይ ነበር የሚጠብቃት። ከትከሻዋ በላይ እያየ ነው የሚያወራው፤ የማይመች ነገር ሲናገር ልማዱ ነው። «ሱፐርቫይዘሩ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይገባልሻል። የወላጅ አቤቱታ አለ። ልጆቻችን ለፈተና አንድ ሐሙስ ቀርቷቸው ገመድ ሲያወዛውዙ ይውላሉ ብለዋል። እኔ እንኳ ምንም አላልኩ፤ ብቻ ዛሬ ደህና ነገር አሳዪው።» ስለ ሰኞ ትንፍሽ አላለም። እሷም እንደምታውቅ አልነገረችውም። ግቢውን አቋርጣ ስትሄድ «ቤተ ሙከራ» የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ የተሳለበትን ክፍል አለፈች፤ ውስጡ እግሩ የተሰበረ ወንበር ነው የተከመረበት። ለዚያ ክፍል መሣሪያ ይገዛል ሲባል ስንት ዳይሬክተር ተቀያየረ። አንድ ጥሩ የሰከንድ መቁጠሪያ ብቻ ከወር ደመወዟ ይበልጣል ሲሏት ነው እሷ ጠርሙስ መልቀም የጀመረችው።

የተፈታኞቹ ክፍል ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆነው በተቀመጡበት ወንበር አራተኛ ይጨመርበታል። ገና ከረጢቱን ሲያዩ ማጉረምረምና መሳቅ ጀመሩ፤ ቆራሌዋ መጣች። ሙከራው ቀላል ነው። አሸዋ የሞላ ጠርሙስ አንገቱን በክር አስሮ ከመስኮት ብረት ወይም ከወንበር ጠርዝ ላይ ማንጠልጠል፣ ትንሽ ገፋ አድርጎ መልቀቅ፣ ሃያ ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ በእጅ ሰዓት መያዝ። ርዝመቱና ጊዜው ከታወቀ፣ መሬት የሚወድቅን ነገር ምን ያህል እንደምታፈጥነው አስልቶ ማውጣት ይቻላል። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነው። ይህን ቁጥር ሚሊዮን ሰው በቃሉ ይዞታል፤ በክርና በሳል መድኃኒት ጠርሙስ ከሰፈር አሸዋ ውስጥ ያወጣው ግን ስንት ነው? ይህን እያሰበች ነበር ሌሊቱን ደስ ብሏት ያደረችው። አሁን ግን አፏ ይናገራል እንጂ ልቧ እዚያ ቧንቧ ሥር ነው፤ እህቴ አይደለች እንዴ፣ እህቴ አይደለች እንዴ። ክር አደለች፣ ማስመሪያ አደለች፣ «ቀጥሉ» አለች፣ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ክፍሉ በሹክሹክታ ቆጠራ ተሞላ። ጠርሙሶቹ ወዲህና ወዲያ ይሄዳሉ፣ ልጆቹ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ ሳተና «ዝም በሉ፣ አጠፋችሁብኝ» ብሎ እንደገና ጀመረ። ሰኞ እዚህ ቦታ የሚሰማው የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ነው።

የየቡድኑ ተወካይ እየወጣ ውጤቱን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ሳይጎድል፣ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። መጀመሪያ ደስ አላት፤ አንድ አፍታ ብቻ። ከዚያ ከውጤቱ ጎን ርዝመት ብለው በሳንቲሜትር የጻፉትን አየች፤ ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ አምስት፣ ሰማንያ አራት። ጠርሙሱን አየች። ክው አለች። ርዝመቱ የሚለካው ከማንጠልጠያው እስከ አሸዋው መሐል ድረስ ነው እንጂ እስከ ቋጠሮው አይደለም፤ ይህን ነገር ሳትነግራቸው ነው የቀረችው። ሁሉም የለኩት ክሩን ብቻ ነው። ክሩን ብቻ የለካ ሰው ደግሞ በምንም ተአምር ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አያገኝም፤ አንሶ ነው የሚመጣበት። እንግዲህ ይህ ሁሉ ልጅ ለካ፣ ቆጠረ፣ አሰላ፣ ያገኘውን አየ፣ ጣለውና ከመጽሐፉ ገለበጠ ማለት ነው። ወደ ፊተኛው ወንበር ዝቅ ብላ የአንዷን ልጅ ወረቀት አየች። ይህችን ልጅ ጓደኞቿ ላጲስ ነው የሚሏት፤ የጻፈችውን ሁሉ አጥፍታ ካልጻፈች አይሆንላትም። ከዘጠኝ ነጥብ ስምንቱ ሥር ወረቀቱ ሳስቶ፣ የጠፋው ቁጥር ጥላው ይታያል። ዓመት ሙሉ የለፋሁት ለዚህ ነው እንዴ? አለች በሆዷ። በውሸት ላይ ክርና ጠርሙስ ጨመርኩበት እንጂ ምን አስተማርኳቸው?

በሩ የተንኳኳው ያን ጊዜ ነው። ዳይሬክተሩ ገባ፣ ሱፐርቫይዘሩ ተከተለ፤ ወፍራም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ደረጃ መውጣት ያደከመው ሰውዬ። ከኋላቸው ወንድሟ። ክፍሉን የሚረከብ ሰው አብሮ ይይ ተብሎ ይሆናል፤ በር አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ እሷን ላለማየት ጫማውን ያያል። ልጆቹ ብድግ አሉ፣ ተቀመጡ። ሱፐርቫይዘሩ ጠርሙሶቹን አየ፣ ክሩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ፣ ፊቱን ቅጭም እንዳደረገ ወደ ሰሌዳው ዞረ። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ወደ ታች ሄደባቸው፤ ፊቱ ቀስ በቀስ ተፈታ። «ሁሉም?» አለ። «በዚህ በሽሮፕ ጠርሙስ? ሁሉም ቡድን?» ዳይሬክተሩ ከመቼው እንደሆነ ሳይታወቅ ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። «እኛማ በተግባር ነው የምናስተምረው» አለ፤ ጠዋት ገመድ ማወዛወዝ ሲል የነበረው ሰውዬ። «በጣም ግሩም ነው» አለ ሱፐርቫይዘሩ፤ «ይህን እንኳ ለሌሎቹም ትምህርት ቤቶች ነው የምነግረው። መምህርት፣ እንኳን ደስ ያለዎት።»

አለቀ እኮ። «አመሰግናለሁ» ማለት ብቻ ነው የሚቀራት። ክፍሉ የሷ ነው፣ ወላጆቹ ዝም ይላሉ፣ ሰኞ እዚሁ ቆማ ታስተምራለች፤ ወንድሟም ያቺን ያቃተችውን ዓረፍተ ነገር ከነጭራሹ መናገር አይኖርበትም። ወደ ልጆቹ አየች። አንገታቸውን ደፍተዋል። ሲሞገሱ አንገት የሚደፋ ተማሪ አይታ አታውቅም። አሁን ዝም ካልኩ ዛሬ የሚማሩት ይህንን ነው አለች በሆዷ። ቀጥሎ የሚሆነውን ታውቃለች፤ ፈርታለች፣ በጣም ፈርታለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። «ይሄ ቁጥር ውሸት ነው።»

ዳይሬክተሩ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ሳቅ ሊል ሞከረ፣ ሳቁ ግን አልወጣለትም። እሷ ግን ከጀመረች ወዲያ አላቆመችም። ርዝመቱ ከየት እስከ የት እንደሚለካ ሳትነግራቸው እንደቀረች፣ ጥፋቱ የራሷ እንደሆነ፣ እንዲያ ተለክቶ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ሊመጣ እንደማይችል ነገረችው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረች። «አልቆጣም። ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ቁጥር በእውነት ያገኘ እጁን ያውጣ።» አንድም እጅ አልወጣም። «ለምን ታዲያ?» አለች። አንዱ ከኋላ፣ ረጅሙ፣ ቆሞ እጁን አሻሸ። «ቲቸር፣ ደብተራችን ላይ መልሱ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነው የሚለው። አምና ነው የጻፍነው። ሌላ ከመጣ እኛ ነን የተሳሳትነው ብለን ነው።» አምና ማን እንዳጻፋቸው አልተናገረም፤ ብቻ ክፍሉ በሙሉ ሳያስበው በሩ አጠገብ ወደቆመው ሰው ዞረ። የወንድሟ ጆሮ ቀላ። እሷም ጠዋት ያን ያህል እንዲያፍር የተመኘችለትን ሰው ሲያፍር ላለማየት ወደ ሰሌዳው ዞረች።

«እኔ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ነበር ያገኘሁት» አለች ላጲስ ቀስ ብላ። ከዚያ ጎርፉ መጣ። እኛ ዘጠኝ፣ እኛ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት፣ እኛ ስምንት ነጥብ ዘጠኝ፣ አፍረን ነው ቲቸር። መምህርቷ ሰሌዳውን አጥፍታ የእውነቱን ጻፈች። ዳይሬክተሩ ላቡን ይጠርጋል። ጀርባዋን ሰጥታ ስትጽፍ ሱፐርቫይዘሩ ወጥቶ ሲሄድ ይሰማኛል ብላ ጠበቀች፤ የተሰማት ግን የወንበር መንኳኳት ነው፤ ሰውዬው ተማሪዎቹ መሐል ገብቶ ተቀምጧል። «ጎድሎ ነው ሁሉም የመጣው» አለ ያ ረጅሙ ልጅ ሰሌዳውን ትኩር ብሎ እያየ፤ «ስተንማ ቢሆን አንዳንዱ ከፍ፣ አንዳንዱ ዝቅ ይል ነበር። ሁላችንንም አንድ ነገር ነው የበላን።» እሷ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጠችው። ላጲስ ጠርሙሷን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ስታገላብጠው ቆየች። «የሚወዛወዘው እኮ አሸዋው ነው» አለች፤ «እኛ ክሩን ብቻ ለክተን አሸዋውን ረሳነው።» ማስመሪያ ፍለጋ ግፊያ ሆነ።

ሱፐርቫይዘሩም አላስቻለውም፤ ኮቱን አውልቆ የእጅ ሰዓቱን ፈታ። የላጲስ ቡድን ውስጥ ገብቶ እሱ ሰዓት ያዘ፣ እነሱ ቆጠሩለት፣ እስከ አሸዋው መሐል ለኩ፣ አሰሉ። ዘጠኝ ነጥብ ስድስት መጣ። ሰውዬው ጠመኔውን አንስቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ፣ ጥቂት ቆመ፣ «ያው ዘጠኝ ነጥብ ስምንት በሉት እንግዲህ» ብሎ ስምንትን መጻፍ ጀመረ።

«አይ ጋሼ» አለች ላጲስ። የራሷ ድምፅ አስደንግጧት እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ መልሳ አወረደችው። «ያገኙት ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ነው።»

ዳይሬክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። ሱፐርቫይዘሩ ልጅቷን አያት፣ ጠመኔውን አየ፣ ከዚያ ሆዱ እስኪነቀነቅ ሳቀ። በመዳፉ አጥፍቶ ዘጠኝ ነጥብ ስድስት ብሎ ጻፈ፣ ከሥሩም አሰመረበት። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ዳይሬክተሩን «የወላጆቹን ነገር ለእኔ ተወው፤ ይቺ መምህርት ከዚህ ክፍል እንዳትነሳ» አለው። ዳይሬክተሩ «እኔም እኮ ያልኩት ይህንኑ ነው» አለ። እሷ የመምህሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ደውሉ ተደውሎ ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ወንድሟ አልወጣም። እሷ ጠርሙሶቹን እየሰበሰበች ከረጢት ውስጥ ትከታለች፤ እሱ መስኮቱ ጋ ቆሟል። «ጠዋት ስልክ ሳወራ ሰምተሻል አይደል?» አላት በመጨረሻ። «ሰምቻለሁ፣ ወንድምጋሼ።» «ለምን ዝም አልሽ?» «አንተስ ለምን ዝም አልክ?» ሰሌዳውን እያየ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ አንጠለጠለ። «እኔ ይህንን ቁጥር ዕድሜዬን ሙሉ አጻፍኩት» አለ፤ «አንድም ቀን ለክቼው አላውቅም። እዚያ በር ላይ ቆሜ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። አፈርኩ፤ ያንቺ ክፍል ስለሆነ አይደለም፣ ስለማላውቀው ነው ያፈርኩት።» የተንጠለጠለ አንድ ጠርሙስ ቀርቶ ነበር። ሄዶ ያዘው፣ ሰዓቱን አየ፣ ለቀቀው። እንደ ልጅ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። ርዝመቱን በደንብ፣ እስከ አሸዋው መሐል ለካ፤ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ ሰሌዳው ላይ አሰላው። አሥር ነጥብ ዘጠኝ ወጣ። እጁ ሳያስበው ወደ ማጥፊያው ተዘረጋና መንገድ ላይ ቆመ።

«የት ጋ ነው ያበላሸሁት?» አላት። እሷን የፊዚክስ ጥያቄ ሲጠይቃት በሕይወቷ የመጀመሪያው ነው።

«ስትለቀው አንድ ብለህ ነው የጀመርከው» አለችው። «ገና የትም ሳይሄድ ቆጠርክለት።»

ትንሽ አሰበና ሳቁ አመለጠው፤ እሷም ከጠዋት ጀምሮ ያፈነችው ሁሉ በሳቅ ወጣላት፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር። እንደገና ለቀቀው። አሁን ሲለቀው ዝም አለ፤ ተመልሶ ሲመጣ ነው አንድ ያለው። ደውሉ ቢደወልም አልሰማም። የሚቀጥለው ክፍል የሱ ነው፤ ልጆቹ ቢጠብቁት ቢጠብቁት ሲቀርባቸው ፍለጋ መጡና ደብተራቸውን ገልጠው፣ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ተኮለኮሉ፤ ለማስታወሻ ጽሑፍ ዝግጁ ሆነው። መምህራቸው ያለ ኮት፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በአንድ የሽሮፕ ጠርሙስ ፊት ሲቆጥር አገኙት። ሃያ ላይ ሲደርስ ሰዓቱን አየና ወደ እነሱ ዞረ።

«ደብተሩን ዝጉትና ግቡ» አላቸው። «የእጅ ሰዓት ያለው ማነው?»